የበረኛው ጥያቄ

ልጅ ሳለሁ፣ በቆቦ ቆላ፣ የእኛ ቤት ተረት የሚጀምረው ትንኝ ለማባረር ደጃፉ ላይ ጭስ ከተጨሰ በኋላ ነበር። ወንድ አያቴ ፍሙ ዳር በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ እኛ ልጆች ዓይናችን በጭሱ እያነባ እንከባቸዋለን። ያኔ መብራት አልገባም ነበርና ፊታቸውን በደንብ የምናየው ፍሙን ሲጭሩት ብቻ ነው። ብዙ ተረት አያውቁም፤ የሚያውቁትን መድገም ግን አይሰለቻቸውም።

ከሁሉ የምንወደው የጿሚውን ገበሬ ተረት ነበር። ሰውዬው አንድ ጾም አይሽርም፣ አንድ ቅዳሴ አያልፈውም። ሲሞት ነጭ ነጠላውን አጣፍቶ ሰማይ ቤት ይደርሳል። በረኛው በሩን ገርበብ አድርጎ «ብቻህን ነህ? ጎረቤትህስ የት አለ?» ይለዋል። «እኔ የመጣሁት በጾሜ ነው» ቢል፣ «ደግ፤ ተመለስና እሱንም ይዘኸው ና» ብሎ ይዘጋበታል። አያቴ የበረኛውን ድምፅ ሲያወፍሩት በሳቅ እንንከተከት ነበር።

ታዲያ እሳቸው ራሳቸው ከአያ ሐጎስ ጋር አይነጋገሩም። አያ ሐጎስ፣ ወላጆቹ ከትግራይ የመጡ፣ ከእኛ ማሳ ዝቅ ብሎ የሚያርስ ጎረቤታችን ነው። በሬዎቹ ማሽላችንን በልተው ሳለ በሽማግሌ ፊት «የእኔ አይደሉም» ብሎ ካደ። ከዚያ ወዲህ አያቴ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ። ይህንና ተረቱን አንድ ላይ ማሰብ ለእኔ አልመጣልኝም፤ ለእሳቸውም የመጣላቸው አይመስለኝም።

አንድ ዓመት በፍልሰታ ጾም ዝናቡ ጠፋ፣ የማሽላው ቅጠል ተጠቀለለ። በእኛ ቆላ ዝናብ ሲከዳ የሚቀረው ተስፋ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ መጥለፍ ነው። ጎርፍ ደግሞ ቀጠሮ የለውም፤ ፈጥኖ ያልደረሰበትን ገበሬ ጥሎት ወደ ወንዝ ያልፋል። አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከላይ ጉምጉምታ ተሰማ። እስከ ማታ የሚጾሙት አያቴ ገና እህል ሳይቀምሱ አካፋቸውን ይዘው ሮጡ፣ እኔም ተከተልኳቸው። የቦያችንን አፍ ከፈቱ፣ ማሳችን እስኪጠግብ ጠጣ። ከዚያ ደፈኑትና አካፋውን ተሸክመው ወደ ቤት አቀኑ።

ጎርፉ የአያ ሐጎስን ማሳ በጎን አልፎ ይነጉዳል። እሱ ዋጃ ገበያ ሄዷል፣ ሚስቱ አራስ ናት፣ ያኔ ስልክ የለ። ያ ጎርፍ ካመለጠው የዓመት እህላቸው አብሮ መሄዱ ነው። እኔ ተንኮል አልነበረኝም፤ ያየሁትን ጠየቅሁ።

«አባባ፣ ጎረቤታችንስ?»

አያቴ ቆሙ። ዞር ብለው ሲያዩኝ ሊቆጡኝ መስሎኝ ፈራሁ።

«ማን አስተማረሽ አንቺ?»

«እርስዎ ነዎታ።»

ተመልሰው ጭቃው ውስጥ ገብተው የአያ ሐጎስን የቦይ አፍ መቆፈር ጀመሩ። በባዶ ሆዳቸው፣ እያቃሰቱ፣ ስለነዚያ በሬዎች እያጉረመረሙ። ውሃው ማሽላው ሥር ሲገባ ግን ማጉረምረሙን ተዉት፤ አካፋቸውን ተደግፈው ብዙ ቆዩ።

በማግስቱ አያ ሐጎስ መጣ። ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት።

«በሬዎቹ የእኔ ነበሩ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ማሽላው ደግሞ የእኔ ነበረ። ይልቅ ግባ፣ ደጅ አትቁም» አሉት።

ዛሬ በዚያ ቀዬ ብዙው ማሳ የሚጠጣው በሞተር ከሚሳብ የጉድጓድ ውሃ ነው። ተረቱን ለልጆቼ ስነግራቸው ድምፄ እንደ አያቴ አይወፍርልኝም፣ እነሱም እንደኛ አይስቁም፤ ሆኖም እነግራቸዋለሁ። ክርስትና ሲባል ቀድሞ የሚታየኝ ያ የጨቀየ አካፋ ነውና።

አያቴ ያረፉ ቀን ቃሬዛቸውን ከፊት የያዘው አያ ሐጎስ ነበር። ልተካህ ያለውን ሁሉ እምቢ እያለ እስከ መቃብራቸው አደረሳቸው። ከዚያ ወዲያ በረኛው ምን እንዳላቸው አላውቅም። እስከ ደጁ ግን ከጎረቤታቸው ጋር ነው የሄዱት።