አባየና የሙቀት መርፌዋ

አባየ መኪናቸውን ሲያመሰግኑ "የእኔ መኪና መርፌዋ ቀና ብላ አታውቅም" ይሉ ነበር። መርፌ የሚሉት ከመሪው ኋላ ያለውን የሞተር ሙቀት መለኪያ ነው፤ ግራ ጫፉ ቀዝቃዛ፣ ቀኝ ጫፉ ቀይ። አሮጌዋ ፒክአፓችን ከወልድያ መርሳ፣ ከመርሳ ግራና ከተማ ስትመላለስ መርፌዋ ዘመኗን ሙሉ በግራ በኩል ጋደም ብላ ኖራለች። አባየም እንደ ጨዋ ሙሽራ ይቆጥሯት ነበር፤ አንገቷን የደፋች፣ ድምፅ የማታሰማ። መርፌው መሃል ላይ የሚቆምበት ሹፌር ሲያጋጥማቸው አይከራከሩትም፤ "አይዞህ፣ አሳክማት" ብለውት ያልፋሉ።

እኔ ደግሞ አንገት መድፋት አልተፈጠረልኝም። በቤታችን ምላሰ ረጅሟ እኔ ነኝ፤ ቶሎ እቆጣለሁ፣ ቶሎም ይበርድልኛል። ወልድያ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። መንዳት ያስተማሩኝ ራሳቸው አባቴ፣ አባየ ናቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ቁልፉን የሰጡኝም እሳቸው ናቸው። ቁልፉን ሰጡኝ እንጂ ሹፌርነቱን አልሰጡኝም። ቢሮ በማልገባባቸው ቀናት ከግራና ሽንኩርት ልንጭን ስንሄድ እኔ መሪውን እይዛለሁ፣ እሳቸው ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀምጠው በአፋቸው ይነዳሉ። "ማርሽ ቀንሽ። ፍሬን አታብዥ። መርፌዋ የት ናት?" የመርፌዋን ነገር በየአሥር ደቂቃው ይጠይቃሉ። ማየት ስለማይችሉ እኔን ማመን ነበረባቸው።

በአካባቢያችን ሹፌሮች ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ አለ። መኪና ገዝቶ ሐብሩ ቆላ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቴርሞስታቱን አስነቅሎ መጣል ነው። ቴርሞስታት በሞተሩና ውሃውን በሚያበርደው ራዲያተር መካከል ያለች ትንሽ በር ናት፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ዘግታ ትይዛለች፣ ሲሞቅ ትከፍትለታለች። "የቆላ መኪና በር ምን ይሠራላታል" ይላሉ ሹፌሮቻችን። አባየም መኪናዋን በገዙ በሳምንቱ በገዛ እጃቸው ነቅለው ጥለዋታል። መርፌዋ ዕድሜዋን ሙሉ የተኛችው ለዚህ ነበር።

ይህን የነገረኝ ዘይት ላስቀይር የሄድኩበት አንድ የወልድያ መካኒክ ነው። ሞተሩን አስነስቶ ቆየና መርፌዋን አይቶ፣ "ይህ ሞተር ብርድ ላይ ነው ሲሠራ የኖረው፤ ናፍጣ የምታበዛው ለዚህ ነው" አለኝ። እንደ ልማዴ ልቆጣ ነበር፤ የአባቴ መኪና ናትና። እሱ ግን ቀስ ብሎ አስረዳኝ። "ጤነኛ መርፌ ጠዋት ከታች ትነሳለች፤ ትንሽ ስትሄጅ ትወጣና ከመሃል ዝቅ ብላ ትቆማለች። ከቆመች ደህና ናት። ዳገት ላይ ትንሽ ከፍ ብትል አትደንግጭ፣ ሜዳ ላይ ትመለሳለች። ወደ ቀዩ ከሄደች ቁሚ። ከሁሉ የምትፈሪው ግን መሃል ላይ ቆማ የነበረች ድንገት የወደቀች እንደሆነ ነው። እሷ የምትለካው የውሃውን ሙቀት ነው፤ ውሃው ካለቀ የምትለካው የላትም።"

ቴርሞስታቱን አስገባሁ፤ ለአባየ ግን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ሞተሯን በሙቀት አስነክሰሽ ገደልሻት ብለው ቁልፉን እንደሚቀበሉኝ አውቃለሁ። "መርፌዋ የት ናት?" ሲሉኝ፣ ቀጥ ብላ ቆማ እያየኋት "ተኝታለች አባየ" እላለሁ። "አልሐምዱ ሊላህ" ይላሉ። በውሸቴ አፍር ነበር፤ አንዳንዴም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እስቅ ነበር። ሁለት ወር እንዲህ ሆነን ሄድን።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ ወልድያ ቀረበ። ከቆቦ በኩል የከባድ መሣሪያው ድምፅ በቀን ጭምር መሰማት ሲጀምር፣ የከተማው ሰው ባጃጅ ያገኘው በባጃጅ፣ ያላገኘው በእግሩ ወደ ደሴ መንገድ ወጣ። እኛም ከቀትር በኋላ ተነሳን። ጋቢና ውስጥ እኔ፣ አባየና ከወለደች ሳምንት ያልሞላት ጎረቤታችን ከነሕፃኗ ነበርን። ከኋላ ጭነቱ ላይ አሥራ አንድ ሰው ከነጓዙ ተሳፍሯል። አራሷን መርሳ እናቷ ቤት ማድረስ፣ የቀሩትንም ከመድፉ ማራቅ፤ ሐሳቤ ሁሉ ይህ ነበር።

መንገዱ በሰው፣ በከብትና በጭነት መኪና ተጨናንቋል። በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ስንሄድ መርፌዋ ከወትሮዋ ትንሽ ከፍ አለች። በዚህ ጭነትና በዚህ ዝግታ አያስደንቅም ብዬ አለፍኩት። አባየ ሲጠይቁኝ "ተኝታለች" አልኳቸው። ሲሪንቃን አልፈን ጥቂት እንደሄድን፣ ፊት ለፊቴ የገባ አህያ አሳልፌ ዓይኔን ስመልስ መርፌዋ ግራው ጫፍ ላይ ወድቃለች።

"ወደቀች" አልኩ ሳላስበው።

"ማን?" አሉ አባየ።

"መርፌዋ።"

"ተኝታለች አላልሽኝም? የተኛ ከየት ይወድቃል?"

የምደበቅበት አልነበረኝም። "አባየ፣ ስዋሽዎት ነበር። ቴርሞስታት ካስገባሁላት ሁለት ወሯ ነው። ስንነሳ መሃል ላይ ቆማ ነበር፤ አሁን ወደቀች። ውሃ ጨርሳለች ማለት ነው።"

 ከኋላችን መድፉ ሁለት ጊዜ አጓራ፤ አራሷ ሕፃኗን ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። አባየ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የውሸቱን ኋላ እንነጋገራለን" አሉ። "አሁን ወርዳለች አይደል? ወረደች ማለት በረደች ማለት ነው። ሂጅ።"

"አልሄድም አባየ።"

"ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። ሂጅ አልሁሽ።"

በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት የፈራሁበት ጊዜ የለም። እሳቸው ልክ ከሆኑ፣ በግትርነቴ አራስ ይዤ መድፍ ባለበት መንገድ ላይ መቆሜ ነው። እኔ ልክ ከሆንኩ ደግሞ፣ ሌላ ሁለት ኪሎ ሜትር ብሄድ ሞተሩ በሙቀት ነክሶ ቀጥ ይልና ሁላችንም እዚያው መቅረታችን ነው። መካኒኩ የነገረኝን አሰብኩ፤ ሁለት ወር ሙሉ በየጉዞው ያየኋትን መርፌም አሰብኩ። ጠባይዋን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ዳር ይዤ ቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

ከኋላ አንዱ ጎልማሳ አንገቱን በጎን አውጥቶ፣ "ሴት ትነዳለች ሲባል እኮ ፈርቸ ነበር" አለ።

"ወንድ ከሆንህ ውረድና ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ" አልኩት። ወረደና አደረገ።

ሻሼን ፈትቼ እጄ ላይ ጠምጥሜ ኮፈኑን ከፈትኩ። እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈኝ። ከራዲያተሩ ሥር ያለው የጎማ ቱቦ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ውሃዋን መንገድ ለመንገድ እያንጠባጠበች ነው የመጣችው። "ምን አየሽ?" አሉ አባየ ከጋቢናው። "ቱቦው ተቀዷል። ራዲያተሩ ባዶ ነው" አልኳቸው። 

የተቀደደውን ጫፍ በቢላ ቆረጥኩት። የቀረውን ስቤ አስገባሁና ከመቀመጫ ሥር ባስቀመጥኩት፣ ከአሮጌ ጎማ በወጣ የከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። እስከዚህ ያለው ቀላሉ ነበር፤ ከባዱ መጠበቁ ነው። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ብረቱ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እስኪበርድ መቆም አለብን። ሰው ይህን እንዴት ይስማ? መድፉ እየተሰማ፣ መኪናው፣ ሰዉ፣ ከብቱ ሁሉ እያለፈን፣ እኔ ወገቤን ይዤ ብረት እስኪበርድ እጠብቃለሁ። ለመኑኝ፣ ተቆጡኝ፤ ሁለቱ ጓዛቸውን አንስተው በእግራቸው ሄዱ። "ውሃውን ጨምሪና እንሂድ" የሚለው ሲበዛ፣ አባየ ጋቢናው ውስጥ ሆነው "ተዉአት፤ ሳትበርድ ውሃ አይነካትም" አሉ። ይህን እሳቸውም ያውቁታል። ሰዉ ለእሳቸው ዝም አለ፤ ለእኔ ዝም ባለማለቱ ተናደድኩ፣ ግን ጠቀመኝ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ክዳኑን በሻሼ ይዤ ቀስ ብዬ ከፈትኩት። በጀሪካን የያዝኩት ውሃ የራዲያተሩን ታች እንኳ አልሞላም። ከመንገዱ በታች ጎርፍ ይወርዳል፤ ግን አሸዋና ጭቃ ነው። ያን ጊዜ ከኋላ ከተሳፈሩት መካከል ዘመድ ሊጠይቁ ወልድያ መጥተው የነበሩ አንድ የግራና ሽማግሌ ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ውዱእ ሊታጠቡበት የያዙትን ውሃ ይዘው መጡ። ሁለት ሊትር የሚይዝ የላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ውሃው ጥርት ያለ።

"አባባ፣ ለሶላትዎ አይደለም?" አልኳቸው።

"ያውልሽ ጎርፉ። አላህ ድፍርሱንም ይቀበለኛል፤ ሞተር ግን አይቀበልም" አሉና ሱሪያቸውን ጠቅልለው ወደ ጎርፉ ወረዱ።

ከእሳቸው በኋላ ሌሎቹም የየራሳቸውን ውሃ እያወጡ ሰጡኝ፤ አራሷ እንኳ የምትጠጣውን ከፍላ ሰጠችኝ። ሞተሩን አስነስቼ ውሃውን ቀስ በቀስ ሞላሁት። ያሰርኩትን ቱቦ በእጄ ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው። ሽማግሌው ከመንገዱ ዳር ሰግደው ሲጨርሱ ተሳፈሩና ተነሳን።

መርፌዋ ከታች ጀመረች። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስንሄድ ወጣች፤ ከመሃል ዝቅ ብላ ቆመች፤ አልተነቃነቀችም። በእግራቸው የሄዱትን ሁለቱን መንገድ ላይ አግኝተን ጫንናቸው። ለእነሱ የምናገረው ነገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጥኩት።

"መርፌዋ የት ናት?" አሉ አባየ።

"መሃል ላይ ቆማለች አባየ።"

እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፈው "ትቁም" አሉ።

መርሳ ስንደርስ ገና አልመሸም ነበር። መግቢያው ላይ ቆመው ከወልድያ የሚመጣውን ሰው የሚጠብቁ ሹፌሮች መኪናዋን ከሩቅ አወቋትና ከበቡን። ሁሉም አባየን የሚያውቁ፣ ከእሳቸው ጋር የነዱ ናቸው። የአራሷ እናት ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ከጋቢናው ተቀብለው የአባየን እጅ ሳሙ። "አንቱ ባይኖሩ ልጀን ምን በልቷት ነበር" አሉ። ሹፌሮቹም በዚያ ጭነትና በዚያ መንገድ መድረሳችንን አይተው "የድሮ ሹፌር ሌላ ነው እኮ" እያሉ ትከሻቸውን ይስማሉ። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ቱቦውን እያየሁ ነበር፤ እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ነው። ሙያቸው ነው፣ ክብራቸው ነው፣ ይሁንላቸው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

አባየ በሩን ይዘው ወረዱ። "እኔን አታመስግኑ" አሉ፤ ድምፃቸው ሁሉም ዘንድ እንዲደርስ ከፍ አድርገው ነው ያሉት። "መርፌዋ ስትወድቅ እኔ ሂጅ ነበር ያልኋት። ብትሰማኝ ኖሮ መንገድ ላይ ቀርተን ነበር። እንቢ ብላ ያቆመች እሷ ናት፤ ቱቦውን ያሰረችም፣ ያደረሰችም እሷ ናት። መርፌ ማንበብ ያወቅሁት ዛሬ፣ ከእሷ ነው። ሹፌሯ ልጀ ናት።"

ሹፌሮቹ ዞረው እኔን አዩኝ። እንባዬ ቀደመኝ። አባየ በዳበሳ መጥተው ከነጥቀርሻው ክንዴን ያዙ፣ ሹፌሮቹም መሃሉን ለቀቁልንና አለፍን።