የኬክ ሠሪው ድልድይ

ሰውዬውን ገና ሳየው ጠላሁት። ልዋሽ አልፈልግም፤ ምንም አላደረገኝም። የክበባችን በር ላይ የካርቶን ሳጥን ታቅፎ ቆሞ፣ «ይቅርታ፣ ትንንሽ ባቡር የሚሠሩት ሰዎች እዚህ ናቸው?» ብሎ በትሕትና ጠየቀ። ሳጥኑ ሲከፈት ኬክ ነው። ሁሉም ተነሥቶ ከበበው። እኔ ብቻ ከመቀመጫዬ ንቅንቅ አላልኩም፤ ድርሻዬን ሲያመጡልኝ ግን በላሁ። ይጣፍጥ ነበር፤ እሱም አናደደኝ።

ክበቡ የባቡር ጡረተኞች ክበብ ነው። ከጣቢያው ጀርባ አንድ አሮጌ ዕቃ ቤት ተሰጥቶን፣ መሐሉ ላይ አራት አልጋ የሚያህል ጠረጴዛ ዘርግተን፣ በላዩ ላይ አንድ ሙሉ አገር ሠርተናል። ኮረብታ አለው፣ ዋሻ አለው፣ አውራ ጣት የምታክል የውኃ ታንከር ያላት ጣቢያ አለችው፤ በሐዲዱ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ባቡር አለው። የጎደለው ድልድይ ብቻ ነበር። ሐዲዱ በሁለቱ ኮረብታዎች መካከል ካለው ገደል አፋፍ ደርሶ ቀጥ ይላል። ያንን ድልድይ የምሠራው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ሌላ ማን ሊሠራው? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በእውነተኛ ድልድይ ላይ ተንጠልጥዬ ብሎን ሳጠብቅ፣ ዝገት ሳስስ፣ ስንጥቅ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቅጽል ስሜ ራሱ ብሎን ነው።

እርግጥ ነው፣ ዘገየሁ። እያንዳንዱን ብሎን ከስፒል ራስ እየቆረጥኩ ስለምተክል ሁለት ዓመት ፈጅቼ የአንዱን ጎን ሲሶ ያህል አድርሻለሁ። ሊቀመንበራችን የቀድሞ ባቡር ነጂ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ከሰዓት ጋር ነው። «የታል ድልድዩ?» ባለኝ ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እለው ነበር። አንድ ቀን በሰው ፊት፣ «ያንተ እንቁላል እኮ በእግሩ ሄዶ፣ አግብቶ ወልዶ፣ ጡረታ ወጣ!» አለኝ። ክበቡ በሳቅ ፈረሰ። በሳምንቱ ለሕዝብ የምናሳይበት ቀን ተቆረጠና ድልድዩ ለኬክ ሠሪው ተሰጠ። እኔ «አማካሪ» ተባልኩ። አማካሪ ማለት ወንበር ተሰጥቶት ሌላው ሲሠራ የሚያይ ሰው ነው።

ስሙን ኬኩ አልነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳህን አጣቢ ሆኖ በገባበት ኬክ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቷል። በኋላ በኋላ የሰርግ ኬክ የሚያስጌጠው እሱ ብቻ ነበር። የሙሽሮቹን ስም በክሬም የሚጽፈው እሱ፣ ከስኳር ጽጌረዳ የሚያወጣው እሱ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ጣቶቹ ወፍራም ናቸው፤ ያን ወፍራም ጣት ሳይ «እንኳን ድልድይ ቁልፍም አይቆልፍ» ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ወይ ነዶ!

ጄሶውን በክሬም መጭመቂያ ከረጢት ሞልቶ፣ ለኬክ እንደሚያደርገው እየጨመቀ የድልድዩን እግሮች ድንጋይ በድንጋይ ደረደራቸው። አሸዋውን በስኳር ወንፊት ነፋው። ለወንዙ ቫርኒሽ በስሱ ያፈሳል፣ ሦስት ቀን ያደርቃል፣ እንደገና ያፈሳል፤ ሰባት ጊዜ። ውኃው ከላይ ጠርቶ ከታች እየጠቆረ ሄደ። ከወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ የጥፍር ቁራጭ የሚያክሉ ሦስት ልብሶች አሰጣ። በግራና በቀኝ የሚቆሙትን የብረት ማገሮች ከቀጭን እንጨት አወጣቸውና ብረት አስመስሎ ቀባቸው።

ዝገቱን እንዴት እንዳደረገው ልንገራችሁ፤ ቆሽቴን ያደበነው እሱ ነውና። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ዝገት ከየት ነው የሚጀምረው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ላሳንሰው ብዬ፣ «ዝገት እንደ ክሬም ከላይ አይቀባም ወዳጄ፤ ከብሎኑ ራስ ሥር ይጀምርና ዝናቡ ወደታች ይጎትተዋል» አልኩት። አመሰገነኝ። በማግስቱ ስመጣ ከእያንዳንዱ ብሎን ሥር በእርጥብ ኮላ ላይ ቀረፋ ነስንሶ፣ በቀጭን ብሩሽ ወደታች ጎትቶታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁት ዝገት ቁጭ ብሏል። እውቀቱ የእኔ፣ ጭብጨባው የሱ።

ባለቤቴ የረሳሁትን መነጽር ልታቀብለኝ መጥታ ድልድዩን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ! ውኃው ሊፈስ እኮ ነው!» አለችና ወደ ኬኩ ዞራ፣ «እጅህ ይባረክ ወንድሜ» አለችው። ከተጋባን ሠላሳ ስምንት ዓመታችን ነው። የኔን እጅ ይባረክ ብላው አታውቅም፤ ታጠበው ነው የምትለው። ያን ቀን እራቴን ሳልጨርስ ተነሣሁ። «ምን ሆንክ?» ብትለኝ «ጨጓራዬ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

ኬኩ ይህን ሁሉ አያውቅም። ይባስ ብሎ ይወደኛል። ሻይ የሚያቀርብልኝ እሱ፣ ወንበሬን ወደ ብርሃን የሚያስጠጋልኝ እሱ። አንድ ከሰዓት ብቻችንን ቀርተን፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ድልድዮች ዛሬም ቆመዋል» አለኝ። «እኔ ግን ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁት ሁሉ በዚያው ቀን ተበልቶ አልቋል። ፎቶ ያነሣው ሰው ከሌለ ምስክር እንኳ የለኝም። አንድ፣ አንድ ብቻ የማይበላ ነገር ሠርቼ ባልፍ ሌላ አልፈልግም።»

እኔ ምን አልኩት? «ጄሶም እኮ አይጥ ይበላዋል» አልኩት። እሱ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው።

የሕዝቡ ቀን ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ኬኩ ሻይ ሊያመጣ ወጣ። እኔ ከድልድዩ ጋር ቀረሁ። ዓይኔን ከሐዲዱ ትክክል አድርጌ፣ እንከን ልፈልግ ጎንበስ አልኩ። ፍለጋዬ የባለሙያ ነበር ብዬ ራሴን አላታልልም፤ የምቀኛ ነበር። ምቀኛ ደግሞ ከባለሙያ ይበልጥ ያያል።

አገኘሁት። ድልድዩ ያረፈው ሐዲዱ በሚታጠፍበት ኩርባ ላይ ነው። ረጅም ፉርጎ ኩርባ ላይ ሲዞር ጎማዎቹ ሐዲዱን ይከተላሉ፤ ሆዱ ግን ወደ ውስጠኛው ጎን ይገፋል። ኬኩ የሞከረው በሎኮሞቲቩና በአጫጭሮቹ የዕቃ ፉርጎዎች ነው፤ እነሱ ያልፋሉ። ቅዳሜ ግን ነጂው በገዛ እጁ አራት ዓመት የሠራውን ረጅሙን የመንገደኞች ፉርጎ ከቤቱ ያመጣል። ከዚያ በፊት ለማንም አያሳይም፤ እንደ ሙሽራ ደብቆታል። ኬኩ ስፋቱን ጠይቆ «ከሌሎቹ እኩል ነው» ተብሏል። ርዝመቱን ለመጠየቅ ድልድይ ላይ የኖረ ሰው መሆን ያስፈልጋል። እኔ ርዝመቱን አውቃለሁ፤ የጎማዎቹን ማቀፊያ የበየድኩለት እኔ ስለሆንኩ ያኔ ለክቼዋለሁ። ከወረቀት ልክክ አድርጌ ቆርጬ ሐዲዱ ላይ አንሸራተትኩት። መሐል ሲደርስ ሆዱ ከውስጠኛው ማገር ጋር ተላተመ። ሁለት ሚሊ።

ሁለት ሚሊ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ማገሮቹ በኮላ የተያያዙ ናቸው። አንዱ ከተገፋ ሁሉም ይከተላሉ፤ ድልድዩም ፉርጎውም ተያይዘው ወንዙ ውስጥ ይገባሉ፣ ያ በሰባት ንጣፍ የጠራ ወንዝም ይሰነጠቃል። ማስተካከያው ደግሞ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ማገሩን ነቅሎ ትንሽ ወደ ውጭ ማስጠጋት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ኬኩ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ገባ። የኔን ጎንበስ ማለት አይቷል መሰለኝ ፊቱ እንደ ተፈታኝ ሆነ። «ጋሼ፣ እየመረመሩት ነው? እንከን ካለው ይንገሩኝ። እርስዎ ካልነገሩኝ ማን ይነግረኛል?»

«እንከን አይወጣለትም» አልኩት።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሻዩን ጠጣሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔ ዝምታ ግን ማታውኑ ሆዴ ውስጥ መንቀዝ ጀመረ። አርብ ሙሉ ቀን ከቤት አልወጣሁም። ልንገረው እልና፣ ባለቤቴ እጁን ስትመርቅ ትዝ ይለኛል፤ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» እላለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። የሚሆነውን ለማየት እንደጓጓሁ ልናገር? ጓጉቼ ነበር።

ዕቃ ቤቱ በሰው ተሞላ። የሰፈሩ ሰው፣ የተማሪ ቤት ልጆች፣ የድሮ ባልደረቦቻችን ከነልጅ ልጆቻቸው። ባለቤቴ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ቆመች። ሰው ሁሉ ኬክ ይጠብቃል፤ ኬኩ ግን ባዶ እጁን ነው የመጣው። «ዛሬ የሚበላ አላመጣሁም» አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። ነጂው ረጅሙን ፉርጎ ከሳጥኑ አወጣና መጨረሻ ላይ ቀጠለው። እጄን አጣምሬ እንደ ተራ እንግዳ ከግድግዳው ተለጠፍኩ።

«ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር አለ» አለ ኬኩ። ከድልድዩ ሥር ጣል ተደርጋ የነበረች ቁራጭ ጨርቅ ገለጠ። ከድልድዩ እግር አጠገብ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሰው ቆማለች። ቆብ አድርጋለች፤ መዶሻ ይዛለች፤ ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ ያለ ነው። ግራ ትከሻዬ እንዲህ ነው፤ ሥራ ላይ ከድልድይ ከወደቅኩ ወዲህ አልተቃናም። ይህን አይቶ እንደሚያውቅ እንኳ አላውቅም ነበር።

«እውነተኛ ድልድይ ላይ ባቡር መጀመሪያ ሲያልፍ የመረመረው ሰው ከሥር ቆሞ ያዳምጣል ብለው ጋሼ ነግረውኛል» አለ ለሰዉ። «ይህንን የመረመሩት ጋሼ ናቸው። እንከን አይወጣለትም ብለውኛል። ስለዚህ ከሥር አቆምኳቸው።»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ነጂው ባቡሩን ለቀቀው። ሎኮሞቲቩ ድልድዩ ላይ ወጣ፤ አንደኛው የዕቃ ፉርጎ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው አለፉ። ልጆቹ ይንጫጫሉ። ኬኩ አይተነፍስም። ረጅሙ ፉርጎ ወደ ድልድዩ አፍ ተጠጋ። ያቺ ትከሻዋ የተዛባ ሰው ከሥር ቆማለች።

«ፍሬን!» ብዬ ጮህኩ።

የባቡር ነጂ እጅ ሐዲድ ላይ ጩኸት ሲሰማ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ባቡሩ ቀጥ አለ። የፉርጎው አፍንጫ ድልድዩ ውስጥ ገብቷል፤ ሆዱ ገና ነው።

«ምን አየህ?» አለኝ ነጂው።

«ይነካል። ሆዱ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ሁለት ሚሊ።» ሰዉን እየገፋሁ መጥቼ በጣቴ አሳየሁት። ነጂው መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ፤ ላብ አጠመቀው። ኬኩም ከጎኔ ተንበርክኮ በዓይኑ ለካ። ገባው። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «መቼ አዩት?» አለኝ።

ልዋሽ እችል ነበር። አሁን ብል ማን ያውቃል?

«ሐሙስ» አልኩት።

ተንበርክኮ ቀረ። ወፍራም ጣቶቹ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጠው ሲነጡ አየኋቸው። ሲነሣ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲሰድበኝም ፈለግኩ። ተነሣና ወደ ሰዉ ዞረ። «አያችሁ?» አለ፣ ድምፁ ትንሽ ሻክሮ። «መርማሪ የሚቆመው ለዚህ ነው! ጋሼ ባይኖሩ ድልድዬም ፉርጎውም ዛሬ ወንዝ ገብተው ነበር። አጨብጭቡላቸው!» መጀመሪያ ያጨበጨበው እሱ ነው።

ቤቱ ተናጋ። ነጂው አቅፎ ትከሻዬን ደበደበኝ። አጫጭሮቹ ፉርጎዎች ብቻ እንዲዞሩ ተደረገና ሰዉ እስኪበቃው አየ። ረጅሙን ለሚቀጥለው ሳምንት አቆዩት።

ወደ ቤት ስንሄድ ባለቤቴ ክንዴን ያዘች። እንዲህ ይዛኝ ከሄደች ዘመን የለውም። «እንዴት ያለ ዓይን ነው ያለህ አንተ ሰውዬ!» አለች። «ያ ሁሉ ሰው ያላየውን! ለካ እኔ ነኝ የማላውቅህ።» ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው፤ አልዋጥልህ አለኝ።

«ሐሙስ ነው ያየሁት» አልኳት።

«ምኑን?»

«እንደሚነካ። ሐሙስ ለክቼ አውቄያለሁ። ሲጠይቀኝ እንከን አይወጣለትም አልኩት።»

ክንዴን አልለቀቀችም፤ መራመዷን ግን አቆመች። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ደወል እያሰማ በአጠገባችን አለፈ።

«እሱስ ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ። ከማስጨብጨቡ በፊት።»

«አውቆ ነው ያጨበጨበልህ?»

«አውቆ ነው» አልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የምቀናው በእጁ ብቻ ነበር።