አባቴ ጎባ ላይ የሠራው ዋሻ

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ሻሸመኔ

የጎባው አውቶቡስ ሞተሩን እያሞቀ ነው። መናኸሪያው የማር ቆርቆሮ፣ የቃሪያ ጆንያ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ሞልተውታል። ከቀበሌ ያጻፍኩትን የይለፍ ወረቀት የጃኬቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከትቻለሁ፤ ያለ እሱ ኬላ ማለፍ የለም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ላይ ነው። ዕረፍቴን ለምን ጎባ እንደምወስደው ለባልደረቦቼ ማስረዳት አቅቶኝ ነበር።

አባቴ ግንበኛ ነበር። አሁን ዓይኑ ደክሞ ከቤት አይወጣም። ሲያጫውተኝ ሁልጊዜ የሚመለሰው ወደ አንድ ሥራው ነው። ከጎባ ወጣ ብሎ አንድ ፊታውራሪ ባሠሩት የአትክልት ግቢ ውስጥ ምንጩን በቦይ አምጥቶ በድንጋይ እርከን አውርዶታል፤ ከመጨረሻው ፏፏቴ ጀርባ ደግሞ ዋሻ ገንብቷል። "ውስጡ ተቀምጠሽ ውሃው ፊትሽ ይወርዳል፤ አንቺ ግን አትረጥቢም" ይለኝ ነበር። ያንን ለማየት ነው የምሄደው።

ቀትር፣ ከአዳባ በኋላ

አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሜዳው ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ በየመንገዱ ጋቢ የለበሱ ፈረሰኞች ያልፋሉ። ወደ ዲንሾ ስንወጣ ጥዱና ኮሶው ቀረበን፣ ሰውም መስኮት መዝጋት ጀመረ። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ለምን ጉዳይ?"

"ለጉብኝት።"

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ከተነሳን በኋላ፣ "ጎባ ምን ይጎበኛል?" አለኝ። ነገርኩት።

"የፊታውራሪው ግቢ? እሱንማ ገበሬ ማህበሩ ወርሶታል። ግንቡን ሊያፈርሱት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ቶሎ ድረሺበት እንግዲህ።"

ከዚያ ወዲህ ሮቤ እስክንደርስ፣ ሮቤንም አልፈን ጎባ እስክንገባ፣ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ቅርስ ነው፣ አይፈርስም ብዬ እንዴት አድርጌ እንደምከራከር።

ዓርብ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ ጎባ

ጎባ ብርዷ ይለያል። ያደርኩበት ሆቴል ባለቤት ለቁርስ ጩኮ አቀረቡልኝ፤ በቅቤ የታሸ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፣ ጥቂቱ እስከ ማታ ያቆያል። በጋሪ ከከተማው ወጣሁ።

ግቢው በር የለውም። ጽጌረዳው አጥሩን አልፎ ዱር ሆኗል። ደረጃዎቹ አረንጓዴ ለብሰዋል። ከላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ፏፏቴዎች ደርቀዋል፤ ሦስተኛው፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ የሚለው፣ ይወርዳል። ሁለት ሴቶች ከሥሩ ውሃ ይቀዳሉ። ከውሃው ጀርባ የዋሻው አፍ ይታያል። አባቴ አልዋሸኝም። ቆሜ ሳየው ደረቴ ሞላ።

ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ቦዩን ይጠርጋሉ።

"አካም ቡልቴ?" አሉኝ።

"ነጋ" አልኩ በኦሮምኛ። "እርስዎስ እንዴት አደሩ?"

ኦቦ ከድር ይባላሉ። በፊታውራሪው ዘመን የግቢው አትክልተኛ ነበሩ፤ መሬቱ ከተወረሰ በኋላም ማንም ሳያዛቸው እየመጡ ቦዩን ያጸዳሉ። እኔም በኩራት፣ "ይሄን የገነባው አባቴ ነው" አልኳቸው።

አካፋቸውን አቆሙ። "የካቦው ልጅ ነሽ?"

"ግንበኛ ነበር።"

"ግንበኛም ካቦም ነበር፤ የሚያዘን እሱ ነው። ድንጋዩን ከወንዝ የተሸከምነው እኛ ነን፣ ጭሰኞቹ።"

ድንጋዩን ማን እንዳመጣው አባቴ ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ፤ ድምፃቸው አልተቆጣም። የዋሻው ጣሪያ የተገጠመው በክረምት ነው። ፊታውራሪው እንግዳ ስለሚጠብቁ ሥራው በችኮላ ይሠራ ነበር። የኦቦ ከድር ታናሽ ወንድም ጀማል ከሥር ሆኖ ድጋፉን ይይዛል።

"'እንጨቱ ርሷል፣ ይንሸራተታል' ብሎ ጮኸ። ውሃውም ይጮሃል። አባትሽ 'ግፉ' አለን፤ የጣሪያውን ድንጋይ ገፋን።" ወደ ዋሻው አመለከቱ። "እዚያ ነው የሞተ። አባትሽ ይስማው አይስማው አላህ ያውቃል። እኔ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።"

ወደሚወርደው ውሃ ዞርኩ። "ታዲያ ግቢውን ለምን ይጠብቁታል?" አልኳቸው።

"ውሃው ምን አጠፋ? ሰው ይቀዳበታል። ዋሻው ግን ነገ ይፈርሳል። ማህበሩ ለትምህርት ቤቱ መሠረት ድንጋይ ሲፈልግ፣ ከዚያ ውሰዱ ያልኩ እኔ ነኝ።"

ለጁምዓ ሰላት ሄዱ። ብቻዬን ዋሻው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ውሃው ፊቴ ወረደ፤ ጠብታም አልነካኝም። በልጅነቴ የተመኘሁት ቦታ ነው፤ ብዙ ልቀመጥበት ግን አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ ረፋድ

የማህበሩ ሊቀመንበር አቶ ገመቹ አሥር ያህል ሰዎች ይዘው መጡ። ከመካከላቸው ሁለቱ ድጅኗቸውን ከዋሻው አፍ በስተግራ፣ የጣሪያው ቅስት ከቆመበት እግር ሥር ሰኩ።

አባቴ ቅስት እንዴት እንደሚቆም ወለል ላይ በከሰል እየሣለ ነው ያሳደገኝ። እግሩ ከተነካ ሁሉም አንድ ላይ ይወርዳል።

"ከጎን አትንኩት" አልኩ። "መጀመሪያ ከላይ ያለውን አፈር አንሱ። ከሥር ደግፉት፣ በደረቅ እንጨት። ከዚያ ከአናቱ ጀምራችሁ ግራና ቀኙን እኩል አውርዱ።"

አቶ ገመቹ ዞር አሉ። "አንቺ ደግሞ ማነሽ?"

"የካቦው ልጅ ነኝ።"

ሰዎቹ ዞረው አዩኝ። ከመካከላቸው አንዱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ኦቦ ከድር ናቸው የመለሱለት፤ ከዚያም በአማርኛ፣ "ስሟት" አሉ።

ሰሙኝ። ከአፈሩ ጀመርን፤ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ አፈር አወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትልቁ የጣሪያ ድንጋይ በገመድ ተይዞ ቀስ ብሎ መሬት ነካ። ማንም ሰው አልተጎዳም። ኦቦ ከድር እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ለወንድማቸው የፋቲሃን ጸሎት ቀሩ። ውሃው መውረዱን አላቆመም።

ስሰናበታቸው እጄን ይዘው፣ "አባትሽ አለ?" አሉኝ።

"አለ። ዓይኑ ግን ደክሟል።"

"ጠይቂልኝ። ልከሰው አይደለም፣ ልጄ። አርጅቻለሁ፤ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።"

እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሻሸመኔ

መንገዱን ሙሉ ጥያቄውን ስደረድርና ሳፈርስ ነው የደረስኩት። አባቴ እንደልማዱ ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። እግሬን ሲሰማ ፈገግ አለ።

"መጣሽ? ገባሽበት?"

"ገባሁበት አባዬ። አሁን ግን የለም። ትምህርት ቤት ሊሠሩበት ድንጋዩን ወሰዱት፤ እኔም አብሬ አፈረስኩ።"

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

"ኦቦ ከድር የሚባሉ ሰው አገኘሁ" አልኩት።

እጁ ጉልበቱ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለማለት ትንፋሽ ስወስድ ቀደመኝ።

"ሰምቼዋለሁ" አለ።

ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ።

"ጀማል ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። ፊታውራሪው ከበላዬ ቆመዋል። ፈራኋቸው። እንዳልሰማ ሆንኩ።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ላቅፈውም ፈልጌ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረግሁም። "ለኦቦ ከድር ደብዳቤ ልጻፍላቸው?" አልኩት።

"ይሄ በደብዳቤ አይሆንም" አለ። ግድግዳውን ይዞ ተነሳ፤ በእጁ ትከሻዬን ፈልጎ አገኘው። "የጎባው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?"