በጣቴ የያዝኩት ካሴት

በዚያ ዘመን ከደብረ ሲና ቁልቁለት እስከ ካራቆሬ ቴፕ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ከእኔ ሌላ አልነበረም። ያስተማረኝ የለም። የተበላሸ ሬዲዮ ገዝቼ ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ እንደገና ፈታሁ፤ በዚያው ባለሙያ ሆንኩ። ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ሸዋሮቢት ሱቄ ደጃፍ ቆመው "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልን" ይሉኝ ነበር። ሙያ ግን ያደክማል። እኔን ያደከመኝ አንድ ካሴት ነው።

ከሱቄ ጎን ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ጊታር ሲይዝ ጊዜ "ወላሂ፣ ይህን ነገር እስክትጥል ዓይኔ አያይህም" ብለው ማሉ። ልጁ አልጣለም። ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው፤ ጊታር መቻሉ ሲታወቅ የክፍለ ጦሩ ባንድ ውስጥ ገባ። ባንዱ ወደ ሰሜን ግንባር ሲያልፍ ከተማችን አድሮ በቀበሌው አዳራሽ እንዲጫወት ተባለ።

ጠዋት ሐጂ ሱቄ ገቡ።

"ስማ፤ የማለው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልማለም። ሄደህ ድምፁን ቅዳልኝ። ነገ ይዘውት ይሄዳሉ። አዲስ የባትሪ ድንጋይ አስቀምጫለሁ፣ ውሰድ።"

"ሐጂ፣ ድንጋይዎን ያኑሩት። የእኔ ከአዲስ አይተናነስም።"

ድንጋይ በጠፋበት ጊዜ የደከመውን ፀሐይ ላይ ያላሰጣ ሰው አልነበረም። እኔ ግን መቼ እንደሚሰጣና መቼ እንደሚነሣ አውቅ ነበር። ቆርቆሮው ጣራ ላይ ደረደርኳቸው፤ እስኪፋጁ ቆዩ።

ሰዓት እላፊ ስለነበረ ትርዒቱ በቀን ነው። ያለ ፈቃድ መቅዳት ስለሚያስጠይቅ ቴፑን ታቅፌ ጋቢ ደረብኩበት። በዚያ ሙቀት! አጠገቤ የተቀመጠች ሻይ ሻጭ ሳቀችብኝ።

"ምነው ጋሼ፣ በረዶ ጣለ እንዴ?"

"ወባ ነው።"

"ወባው ሆድዎ ላይ ቀይ መብራት ያበራል?"

ጋቢውን በእጥፍ አደረግኩት።

መፈክሩ ሲያበቃ ድራሙ ጀመረ፤ ከዚያ የልጁ ጊታር ገባና ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ልጁ ከስቷል። ሲዘፍን የሚያየው ሕዝቡን ሳይሆን በሩን ነበር። ድምፁ ግን ወፍራም፣ የወንድ ድምፅ ሆኗል። አንዲትም ዘፈን አላመለጠችኝም።

አመሻሽ ላይ ሐጂ የሱቃቸውን በር ዘጉ፤ አዲሶቹን ድንጋዮች በገዛ እጃቸው ቴፑ ውስጥ ከተቱ። ቁልፉን ተጫንኩ። ባንዱ እንደ ጫጩት ተንጫጫ።

"ይህ ማነው?"

"ልጅዎ ነው።"

"ልጄን አይጥ አድርገህ ታመጣልኛለህ?"

ወዲያው ገባኝ። ፀሐይ የሞቁት ድንጋዮቼ አዳራሹ ውስጥ ደክመው ካሴቱን እያዘገሙ ቀድተዋል፤ አሁን በአዲሶቹ ሲዞር ይሮጣል። ይህን በአንድ ትንፋሽ የሚደርስበት እኔ ብቻ ነኝ። ለሐጂ ያልኳቸው ግን "ካሴቱ ነው የተበላሸው" ነው። ክዳኑን ከፍቼ የሚዞረውን ጥርስ በጣቴ ጫን አደረግኩት። ጩኸቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ሰው ሆነ። ሐጂ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

"ጣትህን አታንሣ" አሉኝ።

በማግስቱ ባንዱ ሄደ። ልጁ አልተመለሰም፤ መርዶም አልመጣም። ሐጂ በየጁምዓው ከሶላት ሲወጡ ይመጡና ይቀመጣሉ፤ እኔ ጣቴን አስገባለሁ። በደከመ ድንጋይም ሞከርኩ፤ ድክመቱ ከዚያን ቀኑ ጋር አልገጥም አለ። ጣቴ ግን ልኩን ያውቃል። እንዲህ ያለ ጣት ያለው ሰው ካለ ይምጣ። ዓመት ዓመትን ሲተካ የጣቴ ጫፍ ደነዘዘ፤ አንዳንድ ዓርብ ገና ሲነጋ ይደክመኝ ነበር። ሱቄን ዘግቼ ልጥፋ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። አልጠፋሁም፤ እውነቱንም አልተናገርኩም።

አንድ ጁምዓ የደነዘዘው ጣቴ አመለጠ። ካሴቱ ሮጠ፤ ድምፁ ቀጠነ። ልመልሰው ስል ሐጂ እጄን ያዙኝ።

"ተወው። ቁርዓን ቤት ሳለ እንዲህ ነበር ድምፁ።"

እጄን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ። ቀጭኑ ድምፅ እየተጣደፈ ይዘፍናል፤ ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ሐጂ፣ ጥፋቱ የካሴቱ አልነበረም። የእኔ ድንጋይ ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። አሁን ዝም በል፣ ልስማበት።"