መቀስ ያልነካው ጣቃ

አክስቴ የተማሪ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሌላ አትሰፋም። የሙሽራ ቀሚስ ይዞላት የመጣ ሰው ካለ፣ «ነጭ ጨርቅ ያስነጥሰኛል» ብላ ወደ ጎረቤቷ ትሸኘዋለች። የሠፈራችን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ከዚያ ቀለም ጋር ኖራ የጣቶቿ ጫፍ እንኳ በሳሙና የማይለቅ ሰማያዊ ጥላ ይዞ ነበር።

ሱቋ መንገዱ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ መስታወት። መስታወቱ ዝቅ ብሎ ስለተሰቀለ የሚያሳየው ከአንገት በታች ብቻ ነው። «ፊታችሁን ቤታችሁ ታዩታላችሁ፤ እዚህ የመጣችሁት ለቀሚሱ ነው» ትለን ነበር። እስከ ዛሬ ልጅነቴን ሳስብ የምትታየኝ ራስ የሌላት፣ ጉልበቷ የተላጠ ልጅ ናት።

ለእያንዳንዱ ቀሚስና ሱሪ ከግርጌው ወፍራም እጥፋት ትተዋለች። ልጅ ባደገ ቁጥር እናት ልብሱን ይዛ ትመጣለች፤ አክስቴ አንድ እጥፋት ትፈታለች። የተፈታው ጨርቅ ፀሐይ ስላላየው ከላይኛው ይጠቁራል። እናም በየቀሚሳችን ግርጌ የዕድሜያችን መስመር ይነበብ ነበር። ድህነት አይመስለንም ነበር። እኔ ሦስት መስመር ነበረኝ፤ አራት ያላት የክፍሌ ልጅ ስትኮራብኝ ዋለች።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። እንዴት እንደጀመረ በትክክል የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ አክሲዮን ገዛ ተባለ፤ ከዚያ ነርሷ፣ ከዚያ የአውቶቡስ ሾፌሩ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ አንጠልጥሎ ስለ ትርፉ ሲያወራ፣ ግማሽ ራሱ የተቆረጠለት ሰው አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። አክስቴ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። አክሲዮን ያልደረሰው ሁሉ ዋጋ እስኪጨምር ዕቃ ገዝቶ መያዝ ጀመረ፤ ሲሚንቶ፣ የመኪና ጎማ፣ በመጨረሻም ጨርቅ።

የሚገርመኝ ይሄ ነው። አንድ ጣቃ ጨርቅ ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው ሲዞር ይከርማል፤ ማንም አይዘረጋውም፣ ማንም አይለብሰውም፣ ዋጋው ግን በየሳምንቱ ያብጣል። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ መቀስ እንዳይነካው። የተቆረጠ ጣቃ ጨርቅ ነው፤ ያልተቆረጠው ሀብት ነው።

አክስቴ ዋጋ ሳይንር የገዛቻቸው አራት ጣቃዎች መደርደሪያዋ ላይ ነበሩ። ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው አከራይዋ መጥቶ፣ ሱቁን በውድ የሚፈልግ ሰው እንዳለ ነግሯት ኪራዩን በእጥፍ ጨመረባት። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ደላላው ከች አለ። ሠፈሩ ያወጣለት ስም «ነገ ይጨምራል» ነው፤ ከሰላምታ ቀጥሎ ከአፉ የሚወጣው እሱ ስለሆነ።

«እትዬ፣ አራቱን ጣቃ ይስጡኝና የዓመት ኪራይዎን ቁጭ ላድርግልዎ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ልሸጠው ነዋ።»

«ለሰፊ?»

«ለሰፊማ ማን ይሸጣል! ሰፊ ይቆርጠዋል።»

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቼ ጥግ ላይ ቁልፍ እተክል ነበር። አክስቴ ወደ መደርደሪያው ቀና አለች። ሱቋን ልታጣ ነው፤ መዳኛዋም እዚያው ከፊቷ ተደርድሯል። ልትሰጠው እንደነበር አውቃለሁ። እጇ መሰላሉ ላይ ነበር።

የተማሪዎቹ እናቶች የገቡት ያኔ ነው። ከትምህርት ቤቱ በር መምጣታቸው ነው፤ «ልጆቻችን ዘንድሮ ያላቸውን ለብሰው ይግቡ» ብለው ጮኸው፣ ርዕሰ መምህሩ «ያለ ዩኒፎርም አይሆንም» ብሎ መልሷቸዋል። ሱቋ ስላልበቃቻቸው ግማሾቹ መንገድ ላይ ቆሙ።

«የቤት ኪራይ ጨመረ፣ ቻልን። ዘይት ጨመረ፣ ቻልን። አሁን ደግሞ ልጄን ራቁቷን ልላካት?» አለች ከመሃላቸው ዳቦ ሻጯ። ዓይኗ መደርደሪያው ላይ አረፈ። «ወይኔ! አንቺም ታቅፈሽ ልታስፈለፍይው ነው?»

አክስቴ ቀላች። «የምትታቀፈው ዶሮ ናት። እኔ ኪራይ አለብኝ።»

«ማን የሌለበት አለ?»

የመንታዎቹ እናት ከፌስታል አንድ ቀሚስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የአክስቴ ሥራ ነው። እጥፋቱ ሁሉ ተፈትቶ አልቋል፤ ከመጨረሻው መስመር በታች አበባ ያለበት ቁራጭ ተቀጥሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መጋረጃ ነው እትዬ።»

«በኔ ስፌት ላይ መጋረጃ?»

«ምን ላድርግ፣ ልጅቷ ማደጓን አልተወችም።»

እናቶቹ ሳቁ፤ የመንታዎቹ እናት ግን አልሳቀችም። አክስቴ አበባዎቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ከዚያ መሰላሉን ወጥታ አንዱን ጣቃ አወረደች፣ ዘረጋችው፣ ትልቁን መቀስ አነሳች። ወፍራም ጨርቅ ሲቆረጥ ድምፁ የሚያኝክ እንስሳ ይመስላል። ሱቁ ሁሉ አዳመጠው።

«ውይ እትዬ! ገደሉት!» አለ ደላላው።

«ገና አሁን ተወለደ» አለች ቀና ሳትል። «መንታ ነው፤ ሁለት ልቁረጥልሽ አይደል?»

አራቱም በዐሥር ቀን አለቁ፣ በድሮው ዋጋ። ዋጋው ወደቀ፣ አክስቴም ብልህ ተባለች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልወደቀም። «ነገ ይጨምራል» ባለፈ ቁጥር አንገቱን በበሩ አስገብቶ፣ «የዛሬውን ዋጋ ልንገርዎ?» ይላታል። «ንገረኝ እንጂ፣ ከሳቅሁ ቆየሁ» ትለዋለች፤ ሲሄድ ግን ባዶውን መደርደሪያ ለረጅም ጊዜ ታየዋለች። አልቆጫትም ካልኩ ውሸት ይሆናል።

በወሩ መጨረሻ ሱቁን ለቀቀች። እናቶቹ የስፌት መኪናዋን አራት ሆነው ተሸክመው አክስቴ ወደምትኖርበት ሕንፃ ወሰዱላት። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው። «ቀስ በሉ፣ አሮጊት ናት!» «ማን፣ እትዬ ወይስ መኪናዋ?» እየተባባሉ ሁለተኛው ፎቅ ደረሱ። ከዚያ በላይ ደረጃው ይጠባል። በአግድም ሞከሩ፣ በቁመት ሞከሩ፤ እንቢ አለች።

አክስቴ ላቧን ጠረገች። መታጠፊያው ላይ መስኮት አለ፤ ብርሃኑን አየችው። «እዚሁ አስቀምጧት፤ ከሱቁ ይሻላል» አለች።

ያን ዓመት ሙሉ እዚያ ሰፋች። የተዘረጋው ጨርቅ መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ሥራ ውሎ የደከመው ጎረቤት ሁሉ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር፣ ሲወጣም ሲወርድም ሰማያዊውን ጨርቅ በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያነሳና «ደህና ዋልሽ እትዬ» እያለ በሥሩ ጎንበስ ብሎ ያልፋል።