የሄር ቬበር አውራጃ

በመስከረም መጨረሻ፣ ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ጥግ ባለችው ዞሰንሃይም ዳርቻ ባለው የፖም ማሳ በኩል ሳልፍ፣ መሬት ወድቆ መበስበስ የጀመረው ፖም ሽታ ሄር ቬበርን፣ አቶ ቬበር እንደማለት ነው፣ ፊቴ ያመጣዋል። ኮቱ ሁልጊዜ ያንን ይሸት ነበር። የስደተኞች መኖሪያችን ጎረቤት የነበረ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እኛን የሐበሻ ልጆች ወጥ ቤቱ ሰብስቦ የቤት ሥራ ያሠራን ነበር። የተሳሳተ ልጅ ጆሮው በሁለት ጣት ይጠመዘዛል። እናቴ ግን «እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር» እያለች ታመሰግነው ነበር። እኔ ዛሬም አንቱ ልለው አልችልም።

የቤት ሥራው ሲያልቅ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ሆኽስት አውራጃ። ሆኽስት ድሮ የራሷ ከንቲባ ያላት፣ የአውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዞሰንሃይምም ከሥሯ ካሉት መንደሮች አንዷ። አባቱ በአውራጃው ቢሮ ጸሐፊ ነበሩ። እሱ ልጅ ሳለ ፍራንክፈርት ሆኽስትንም መንደሮቿንም ዋጠች። የተረፈው አውራጃ ዋና ከተማውን ተነጥቆ፣ አስተዳዳሪዎቹ ለብዙ ዘመን በሰው ከተማ ተቀምጠው ማዶ ያለውን ገጠር ሲያስተዳድሩ ኖሩ። ይህን ሲናገር አንገቱ ይቀላል። «እኔ አንድም ቀን ፍራንክፈርት ኖሬ አላውቅም» ይላል፤ አድራሻው ግን ፍራንክፈርት ነው። እሁድ እሁድ ከፖሙ ማሳ ጀርባ ወዳለው ጅረት ይወስደንና ፍራንክፈርትን ከተረፈው አውራጃ የሚለየውን የድንበር ድንጋይ በከዘራው እየመታ፣ «ይሄ ውሸት ነው! ማዶውም እኛው ነን» ይለናል። እኛም እየሳቅን ወዲህና ወዲያ እንዘላለን።

ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ያለ ፈቃድ ከተመደበበት ከተማ ወይም አውራጃ እንዳይወጣ ሕጉ ይከለክል ነበር። እናቴና ታናሽ እህቷ ጽጌ ባንድ አውሮፕላን መጥተው፣ እናቴ ለፍራንክፈርት፣ ጽጌ ለማዶው አውራጃ ተደለደሉ። በሦስተኛው ዓመት ጽጌ በጠና ታመመች። አንድ ዓርብ ከሰዓት ከሆስፒታል ተደውሎ ቶሎ ድረሱ ተባልን። ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ግን እስከ ሰኞ ተዘግቷል።

እናቴ እጄን ይዛ ሄር ቬበር በር ላይ ቆመች። «ያለ ሰኞ ቴርሚን፣ የቢሮ ቀጠሮ፣ የለም በያቸው። እህቴ ሰኞን አትደርስም። በመኪናዎ አድርሰው ይመልሱኝ፣ በእግዚአብሔር በያቸው።»

ተረጎምኩለት። እጁን በፎጣ ቀስ ብሎ አደራረቀና «ክልክል ነው» አለ።

«ድንበሩ ውሸት ነው ብለህ የለ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ለእኔ ውሸት ነው» አለ። «ለእናንተ ግን እውነት ነው።»

በእግራችን ወጣን። ጅረቱን ተሻግረን አስፋልቱ ላይ ስንደርስ የፖሊስ መኪና ቆሞ ጠበቀን። ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ደውለው እንደነገሯቸው ወጣቱ ፖሊስ አልደበቀንም። እናቴ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ «ኤንትሹልዲጉንግ፣ ኤንትሹልዲጉንግ» እያለች ይቅርታ ለመነች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም። መለሱን። ጽጌ እሁድ ጠዋት ብቻዋን ሞተች። ሰኞ የተሰጠን ፈቃድ ለቀብር ሆነ።

እናቴ ትምህርትሽ አይቋረጥ ብላ በሳምንቱ መልሳ ወደ እሱ ላከችኝ። ሄር ቬበር ልጆቹ ፊት አስነሳኝና «አውራጃው ከየት ይጀምራል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ከጅረቱ ማዶ» አልኩት።

«ጎበዝ!» ብሎ ከኮቱ ኪስ ፖም አውጥቶ ሰጠኝ። ጠላሁት። ከዚያ ወዲህ ማንንም እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም።

ሄር ቬበር ከሞተ ቆየ፤ ቤቱም ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። እናቴ ዜግነት ካገኘች ዓመታት አልፈዋል። በየወሩ ጽጌ መቃብር በመኪና የማደርሳት እኔ ነኝ። መንገዱ ላይ ኬላ የለም፣ ጠባቂም የለም። እናቴ ግን ጅረቱ ላይ ያለው ድልድይ ጋ ስንደርስ ወሬዋን ታቋርጣለች። ከቦርሳዋ የጀርመን ፓስፖርቷን ታወጣና፣ እስክንሻገር ድረስ በመስኮቱ በኩል ከፍ አድርጋ ትይዘዋለች።