ዘጠኝ ቀን ልምምድ

ኦርጋን የተማርኩት በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ፣ በቀበሌ ኪነት ነው። መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ተበተነ። ሁለት ዓመት ያህል ሰርግ እያሳደድኩ ከተንከራተትኩ በኋላ፣ ሰቆጣ ላይ አዲስ ለሚቋቋም የባህል ቡድን ኦርጋን ተጫዋች ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ተመዘገብኩ። ከወልድያ በጭነት መኪና ስሄድ ኦርጋኑን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ታቅፌው ነበር። ሰቆጣ ስንደርስ እግሬ ደንዝዞ ሰው ደግፎ አወረደኝ። ዕቃው ግን አንድም ቦታ አልተጫረም።

ስድስት ነበርን። አንዱ አለቃችን ነው፤ መድረክ የሚመራውም እሱ ነው። ጃዝ ከበሮ መቺውና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ እንደኔ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ማሲንቆ የሚጫወቱት የአገሩ ተወላጅ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም «አያ» ነበር የምንላቸው። ስድስተኛዋ ዘፋኟ ናት። ከፃግብጂ ገጠር የመጣች፣ በኽምጣንጋ አፏን የፈታች፣ አማርኛን ትምህርት ቤት ገብታ የለመደች ልጅ ነበረች።

ሙዚቀኞች ሲገናኙ ዕቃ ሲነሣ የሚያወሩት ስለ ድምፅ ጥራት ነው። እኔ ስለ አህያ ነው የማወራው። በዚያን ጊዜ መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነበርና ሁለቱን ሞንታርቦ በአንድ አህያ ግራና ቀኝ እናመዛዝናለን፣ ጄኔሬተሩ ለብቻው ይጫናል፣ ኦርጋኑን ግን ለእንስሳ አምኜ አላውቅም፤ በጀርባዬ ነው። አህያ የማይሸከመው ሞንታርቦ የቱንም ያህል ቢጮህ ለዋግ አይሆንም። አቧራው ደግሞ ሌላ ጠላት ነበር። ከሥራ በኋላ ኦርጋኑን በአፍጢሙ ደፍቼ ካላሳደርኩት ጠዋት ሦስት ቁልፍ አይሠራም። ካሉን ሁለት ማይኮች አንደኛው በጄኔሬተር ሲሠራ ከንፈር ይነዝራል። ዘፋኟ በመሐረብ ጠቅልላ ትይዘውና፣ ሲነዝራት እንኳ ድምፅዋ ሳይዛነፍ ትቀጥላለች።

ያ ድምፅ በኦርጋኔ ቁልፎች ላይ የለም። በሁለት ቁልፍ መካከል ያለችውን ስፍራ ትይዝና እዚያው ትቆያለች። እኔ ወደ ላይም ወደ ታችም ብል አላገኛትም። አያ ግን ጣታቸውን የማሲንቆው ጭራ ላይ ትንሽ ሸርተት አድርገው ይደርሱባታል። ስለዚህ እሷ ስትዘፍን እኔ ከሥር ደገፍ አድርጌ ብቻ እይዛለሁ። አጃቢ ዘፋኝን የሚያውቃት በጀርባዋ ነው። ትንፋሽ ስትስብ ትከሻዋ ከፍ ይላል፤ ወደ ሌላ ስንኝ ልትሻገር ስትል ቀኝ ተረከዟ ይነሣል። ልትጨርስ ስትል ግራ እጇን ወደ ኋላ ታመጣና ጨበጥ ታደርጋለች፤ «ዝጉ» ማለቷ ነው።

ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ አልቀዋል። ይህን የነገረችኝ አንድ ቀን ወደ ጽጽቃ ስንሄድ አህዮቹ እስኪያርፉ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነው። ያኔ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። የሦስት ዓመት ወንድሟን አዝላ ከተሰደደው ሰው ጋር ቆረም ድረስ በእግሯ ሄደች።

«ከብዶኝ ሁለቴ አስቀምጬው ሄጃለሁ» አለችኝ። «ሁለቴም ተመልሼ አነሣሁት።»

ተነሥታ የአህያዋን ጭነት ማጥበቅ ጀመረች። ያ ወንድሟ አድጎ ሰቆጣ በተከራየቻት አንድ ክፍል አብሯት ይኖር ነበር። እሷ ደሞዟን ይዛ ስትገባ እሱ ደብተሩን ይዞ ይወጣል። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ኳስ የሚወድ ልጅ ነበር።

የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ ሥራችን ተለወጠ። የሰርግና የመኸር ዘፈኖቹ ቀርተው ፈጣን ፈጣኑን ያዝን፤ የምንሄደውም ዘማች ወደሚመዘገብበት ቦታ ሆነ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብ፣ ከጎኑ እኛ። ሙዚቃ ሰውን ያነሣሣል የሚለውን ሌሎች በመጽሐፍ አንብበው ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሲያነሣ አይቻለሁ። ቁጭ ብሎ ጭራሮ የሚሰባብር ልጅ፣ ጃዙ ሲመታ ቆሞ፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ጠረጴዛው ጋ ደርሶ አይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር። ሥራችን የሠራ መስሎኝ።

ፃግብጂ የሄድን ዕለት ወንድሟም ዘመድ ልጠይቅ ብሎ አብሮን መጣ። እሷ ሁለተኛውን ዘፈን በኽምጣንጋ እየዘፈነች ሳለ ከሕዝቡ መሀል ብድግ ብሎ እየጨፈረ ወደ ፊት መጣ። እኔ ለጭፈራ የወጣ መስሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ መድረኩን አልፎ ወደ ጠረጴዛው ታጠፈ።

ትከሻዋ ከፍ አለ፤ አልወረደም። ስንኙን ጨረሰችና ግራ እጇን ወደ ኋላ አምጥታ ጨበጠች። ገና መሀል ላይ ነን። ቀና ብዬ አለቃችንን አየሁት፤ ጣቱን በአየር ላይ እያሽከረከረ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» ይላል። ወጣቶቹ ከኋላ ከኋላው እየተነሡ ነበር። እሷ እጇን እንደገና ጨበጠች፤ ጥፍሯ መዳፏ ውስጥ ሲሰምጥ አይቻለሁ። ቀጠልኩ። ሁላችንም ቀጠልን። ዘፈኑ ሲያልቅ ወንድሟ ፈርሞ ነበር።

ዕቃ ስንጠቀልል መጣች።

«ምልክቴን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቀጥሉ አለን።»

ትታኝ ሄደች። ወንድሟ ትከሻዋን አቅፎ «እታለም፣ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ጓደኞቼ ሁሉ ተመዝግበዋል» ሲላት ይሰማኛል።

ከዘመተ በኋላ ሁለት ደብዳቤ ጻፈላት። ሁለቱንም ለአያ አነበበችላቸው። ጦርነቱ ማብቃቱ በሬዲዮ የተነገረ ጊዜ ከልምምድ ክፍል እየሮጠች ወጥታ እልል ስትል ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማት። ክረምቱን ሙሉ ጠበቀችው። ለእሱ ብላ አዲስ ፍራሽ ገዝታ አልጋው ላይ አነጠፈች።

እንቁጣጣሽ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው አንድ ክንዱ የተሰበረ ወታደር ከግንባር ተመልሶ ሰቆጣ ገባና አያን ቤታቸው ድረስ ሄዶ አገኛቸው። ከወንድሟ ጋር አንድ ምሽግ ነበሩ። ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል፤ ሲቀበርም ነበረ። አያ በማለዳ ልምምድ ክፍል መጥተው ለአለቃችንና ለእኔ ነገሩን። እሷ ገና አልመጣችም ነበር።

«ዛሬውኑ ይነገራት» አልኩ።

«መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ዘመድ ይሰብሰብ» አሉ አያ።

አለቃችን «ዘመዶቿ ፃግብጂ ናቸው» አለ። «መልእክት ልከን እስኪመጡ በዓሉ ይደርሳል። በበዓሉ ዋዜማ ደግሞ መርዶ አይነገርም። ለእንግዶች የምናሳየው ፕሮግራም አለ፤ ያለሷ ምን አለን? በዓሉ ይለፍ፤ በማግስቱ በደንቡ ይነገራታል።»

ከተናገረው ውስጥ ግማሹ እውነተኛ ወግ ነው። ሌላው ግማሽ የሱ ጉዳይ ነበር። የቱ የቱ እንደሆነ ለይቼ መናገር እችል ነበር፤ ዝም አልኩ። አያም መሬት መሬት አዩ። በሩ ተከፍቶ እሷ ገባችና «እንዴት አደራችሁ» አለች። ሦስታችንም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልናት።

ዘጠኝ ቀን አብረን ተለማመድን። ወንድሟ ሲመጣ የምትቀበልበት አዲስ ግጥም አውጥታ ነበር። ዜማውን ለእኔ እያንጎራጎረች «እዚህ ጋ ቀስ በልልኝ፤ ስሙን የምጠራበት ነው» ትለኛለች። ቀስ እልላታለሁ። በአምስተኛው ቀን ገብስ ቆሎ ቆልታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣች። አያ ጥርሴን አሞኛል አሉ። እኔ ግን እጄን ሰድጄ ዘገንኩና በላሁ፤ እንዳትጠረጥር ብዬ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩት።

በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን አጥርቼ የተጫወትኩበት ጊዜ የለም። ፊቷን ላለማየት ዓይኔን ከቁልፎቹ ላይ አላነሣም ነበርና አንድ ጣት አልተሳሳተብኝም። ጃዝ መቺው ምንም የሚያውቀው ነገር የለም፤ «ዘንድሮ ጎበዝ ሆነሃል» አለኝ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ሜዳው ላይ ሕዝብ ሞልቶ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቷል። እሷ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሹሩባ ተሠርታ ወጣች። አዲሱን ግጥም ጀመረች። ሕዝቡ ወዲያው ተቀበላት፤ ልጁን የላከ ቤት ሁሉ የራሱን ልጅ ስም እየተካ አብሯት ይዘፍናል። ስሙን ወደምትጠራበት ስትደርስ ቀስ አልኩ፤ እንደተለማመድነው።

የማሲንቆው ድምፅ ጠፋ። ዞር ብዬ አያን አየኋቸው። ደጋናቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ አንገታቸውን ደፍተው ያለቅሳሉ። ሰው ፊት፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ጺማቸው እስኪርስ።

እሷም ዞረች። ዘፋኝ ወደ አጃቢው ፊቷን የምታዞርበት ጊዜ ጥቂት ነው። አያን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ዓይኔን ወደ ቁልፎቹ መለስኩ። ጣቶቼ እየሄዱ ነበር። የሚቀጥለውን ስንኝ አልያዘችም፤ ሕዝቡ ግን ዘፈኑን ነጥቋት ስለነበር ማንም ልብ አላለም። ማይኩን ቀስ ብላ ማቆሚያው ላይ ሰካች፣ መሐረቧን ከላዩ ፈታች፣ ወደ አያ ሄዳ በኽምጣንጋ አንዲት አጭር ነገር ጠየቀቻቸው። አያ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያው ሞንታርቦው ኋላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አለቃችን ጣቱን እያሽከረከረ ነበር። ጃዝ መቺውና ቤዝ ተጫዋቹ እሷን አይተው ሲያቆሙ፣ እኔ ብቻዬን፣ ሕዝቡ እስኪደክመው ድረስ ተጫወትኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በደንቡ መጡ። በሩን የከፈተችላቸው ጥቁር ለብሳ ነው አሉ።

ለቅሶው ላይ ተገኝቻለሁ። አልቃሾቹ ሴቶች እሷን ይጠብቁ ነበር፤ የአገሩ ድምፅ እሷ ናትና ሙሾውን እሷ ታወርዳለች ብለው። አንድም ቃል አልወጣትም። ሦስት ቀን ሙሉ ያንን አዲስ ፍራሽ ተደግፋ ተቀመጠች።

ከአርባው በኋላ የቡድኑን ነጭ ቀሚስ አጥባና አጣጥፋ ለመመለስ መጣች። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ስታኞ እያቀለጥኩ የማይክ ገመድ እበይድ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቃችሁ?»

መዋሸት ፈልጌ ነበር። «ከበዓሉ ዘጠኝ ቀን በፊት» አልኳት።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቀኖቹን እያስታወሰች ነበር። «ቆሎውን ያመጣሁ ዕለትም?»

«አዎ።»

ቀሚሱን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ጥቂት ወራት ቆይታ ዐረብ አገር ሄደች ተባለ።

ቡድኑ ከዚያ በኋላ ቡድን አልሆነም። ሌላ ዘፋኝ ተቀጠረች፤ ጥሩ ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ግን ቁልፎቹ ላይ ያለ ነው። አያ ሁለት ዓመት ቆይተው በሳንባ በሽታ ሞቱ። ጃዝ መቺው ባሕር ዳር ገባ፣ ጃዙን መጋዘን ውስጥ አይጥ በላው። እኔ ምቱን በራሱ የሚመታ ኦርጋን ገዝቼ ብቻዬን ሰርግ መሥራት ጀመርኩ። ብዙ ሰው ያ ዕቃ ባንድን ገደለ ይላል። እኔ አልስማማም። የእኛን ባንድ የገደለው ዕቃ አይደለም። ሙዚቀኛ ከሁሉ በፊት መማር ያለበት መቼ እንደሚያቆም ነው እላለሁ፣ ለሚጠይቁኝ ወጣቶች። ምክንያቱን አልነግራቸውም።

ሰባት ዓመት ያህል አልፎ፣ ሰቆጣ መናኸሪያ አገኘኋት። ወፍራለች፤ ግንባሯ ላይ ጸጉሯ ሸብቷል። የዘመድ ለቅሶ ደርሳ ወደ ወልድያ ልትመለስ አውቶቡስ ትጠብቅ ነበር። ከዐረብ አገር ተመልሳ እዚያ ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። ትዘፍኚያለሽ ወይ አልኳት፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አፌን አልከፍትም አለችኝ። ሻንጣዋን ይዤላት እስከ አውቶቡሱ ሄድን። መሰላሉ ጋ ስንደርስ በዚያ ሁሉ ዓመት ያጠናሁትን ነገር ተናገርኩ።

«ይቅር በይኝ።»

ቁጣ የለባትም።

«አያን ይቅር ብያቸዋለሁ» አለች። «እሳቸው አቁመው አልቅሰዋል። አንተ ግን ትጫወት ነበር።»

«እጫወት ነበር» አልኳት።

ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ» እያለ ሻንጣውን ከእጄ ተቀብሎ ጣራው ላይ አወጣው። እሷም ነጠላዋን ሰብስባ ገባችና በዚያኛው ወገን፣ በማላያት መስኮት በኩል ተቀመጠች። በማግስቱ ጽጽቃ መንገድ ላይ ሰርግ ነበረኝ። ኦርጋኑን አዝዬ ሄድኩ።